የመምህራን ፍልሰትና የአገሮች መተጋገዝ

ባለፈው ሳምንት ማታ በመኝታ ቤታችን የተነሣው ክርክር መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሳይበርድ አመሸ። ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነበር። ሒሳብ ከሚያጠኑት ባልንጀሮቻችን አንዱ ሸሚዙን እየተኮሰ፣ «እኔ እንኳ ተመርቄ ሁለት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ወደ ውጭ ነው የምወጣው፤ የሒሳብ መምህር የማይፈልግ አገር የለም» አለ። ሌላው ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ «ሕዝብ ያስተማረህ ለሰው አገር ልጅ ኖሯል?» ሲል መለሰለት። አንዱ «ይኼማ ክህደት ነው» አለ። አንዱ ደግሞ «ቤተሰብን ሳይረዱ መቅረትስ ጀግንነት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ እስከዚያች ሰዓት ዝም ብሎ ያዳምጥ የነበረ ልጅ እንዲህ አለ፦ «እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የፊዚክስ መምህራችን በጥር ወር ሄደ። እስከ ሰኔ ድረስ ሰው አልመጣልንም። የሄደበትን ምክንያት አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም። የባከነው ግማሽ ዓመት ግን የእኔ ነው።» ከዚህ በኋላ የተናገረ ሰው አልነበረም።

እኛም ነገሩ በመኝታ ቤት ክርክር ብቻ ተወስኖ መቅረት የለበትም በማለት፣ በጥናት ክበባችን አማካይነት ያገኘነውን ሐሳብ በዚህ ሰሌዳ ላይ ለማቅረብ ወሰንን። የጥያቄያችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ መምህር የመሄድ መብት አለው፤ ተማሪም የመማር መብት አለው። እነዚህ ሁለት መብቶች ሲጋጩ ማን ያስታርቃቸዋል? አንድ አገር ብቻውን ሊያስታርቃቸው ይችላልን?

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. ስለ ቃላቱ

ፍልሰት ስንል ሰው ከሚኖርበት ስፍራ ተነሥቶ፣ ለአጭርም ሆነ ለረጅም ጊዜ፣ በሌላ ስፍራ ለመኖር መሄዱን ማለታችን ነው። «ስደተኛ» የሚለውን ቃል በዕለት ንግግራችን አገሩን ለቆ ለሄደ ሁሉ እንጠቀምበታለን። በሕግ ቋንቋ ግን ልዩነት አለ። በ1951 በጄኔቫ የተደረገው ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት እንዳይሳደድ ፈርቶ ከአገሩ የወጣውን ሰው ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው ስምምነት ደግሞ ከውጭ ወረራና ጸጥታን ክፉኛ ከሚያናጋ ሁከት የሸሸውንም ጨመረበት። ሥራ ፍለጋ የሄደው ከዚህ ይለያል፤ እርሱ ፈላሽ ሠራተኛ ነው። መምህራን በሁለቱም ወገን ይገኛሉ።

በተባበሩት መንግሥታት ግምት መሠረት በ2024 ከተወለዱበት አገር ውጭ የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር 304 ሚሊዮን ያህል ነበር። ቁጥሩ ብዙ ይመስላል፤ ይሁንና ከመቶው የዓለም ሕዝብ አራት ሰው እንኳ አይሞላም። እንግዲህ «ዓለሙ ሁሉ ሄዷል፤ እኔ ብቻ ቀረሁ» የሚለው አነጋገር ከእውነት የራቀ ነው ማለት ነው። ከመቶ ሰው ዘጠና ስድስቱ የሚኖረው በተወለደበት አገር ነው።

ዘላቂ ልማት የሚባለው ደግሞ የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የነገውን ትውልድ ድርሻ ሳይበላበት የሚያድግበት መንገድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 እስከ 2030 ድረስ የሚሠራባቸውን 17 ግቦች አጽድቋል። ከእነዚህ ሥር ለጥያቄያችን የሚጠቅሙን ሦስት ንዑሳን ግቦች አሉ። አንደኛው በትምህርት ግብ ሥር ያለ ሲሆን፣ በዓለም አቀፍ ትብብር ጭምር የሠለጠኑ መምህራንን ቁጥር፣ በተለይም በድሆቹ አገሮችና በትንንሾቹ የደሴት አገሮች፣ በብዛት ከፍ ማድረግ የሚል ነው። ሁለተኛው የሰዎች ፍልሰት ሥርዓት ያለው፣ ከአደጋ የተጠበቀና ሕጋዊ እንዲሆን ማድረግ የሚል ነው። ሦስተኛው ፈላሾች ወደ ቤተሰባቸው ገንዘብ ሲልኩ የሚከፍሉትን የመላኪያ ዋጋ ከ3 በመቶ በታች ማውረድ ነው። አስተውሉ! አንደኛው «መምህር ይብዛ» ሲል፣ ሁለተኛው «መሄድም ሥርዓት ይኑረው» ይላል። ስለዚህ በአንድ ሰነድ ውስጥ የሁለቱም ባልንጀሮቻችን ሐሳብ ይገኛል።

ለ. እኛም በፈላሽ መምህራን ተምረናል

ስለ መምህራን ፍልሰት ስንነጋገር ሁልጊዜ የምናስበው ከእኛ ስለሚወጡት ነው። ታሪካችን የሚነግረን ግን የተገላቢጦሹንም ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራውን የጀመረው ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ የአገር ልጅ መምህር እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ከእንግሊዝ፣ ከካናዳ፣ ከአሜሪካ፣ በተለይም ከሕንድ መምህራን መጥተዋል። ብዙዎቹ ሕንዳውያን በአገሪቱ ደቡብ ከምትገኘው ከኬራላ የተነሡ ነበሩ። በየአውራጃው ከተማ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ያስተማሩት እነርሱ ናቸው። በመስከረም 1955 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ገቡ፤ አብዛኞቹም የተመደቡት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበር። ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን መካከል የሕንዳዊውን መምህር የእንግሊዝኛ አነጋገር እየመሰለ የማያስቀን ስንቱ ነው? ከሳቁ በስተጀርባ ግን ምስጋና አለ።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛው፣ የመምህር ፍልሰት በራሱ ክፉ አይደለም። የተቀበለውን አገር ያንጻል፤ የላከውም አገር በሥርዓት ከላከ አይጎዳም። ሁለተኛው፣ አገራችን በእንግዳ መምህር ብቻ ተደግፋ አልቀረችም። እንግዶቹ ክፍሉን ሲይዙ፣ በሐረር፣ በደብረ ብርሃን፣ በጅማና በሌሎችም ከተሞች የመምህራን ማሠልጠኛዎች የአገሩን ልጅ ያዘጋጁ ነበር። ብድሩ ክፍተቱን እስክንሞላ ድረስ ጊዜ ሰጠን፤ ክፍተቱን የሞላነው ግን በራሳችን ሰዎች ነው። ሽማግሌዎቻችን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚሉት ይህንን ነው።

ሐ. ሒሳቡ ሲሠራ

አንድ መምህር ሲሄድ ማን ያተርፋል? ማንስ ይከስራል? በሁለት ዓምድ እናስቀምጠው።

በገቢው ዓምድ በመጀመሪያ የሚመጣው የሚላከው ገንዘብ ነው። በዓለም ባንክ ስሌት በ2023 ፈላሾች ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች የላኩት ገንዘብ ወደ 656 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ይህም እነዚሁ አገሮች ከሀብታሞቹ መንግሥታት ከሚያገኙት የልማት እርዳታ በእጅጉ ይበልጣል። የገንዘቡ ጥቅም በየመንደሩ ይታያል፦ የቆርቆሮ ቤት፣ የታናሽ እኅት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአባት መድኃኒት። ነገር ግን ከመንገድ ላይ የሚቀነስ አለ። በዚያው ዓመት 200 ዶላር ለመላክ በዓለም ዙሪያ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ይከፈል ነበር። ለክፍል ሥራ የሚሆን ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት መምህርት በየወሩ 200 ዶላር ብትልክ፣ በ6 በመቶ ሒሳብ በወር 12 ዶላር፣ በዓመት 144 ዶላር ለመላኪያ ትከፍላለች። ዋጋው 3 በመቶ ቢሆን ግማሹ፣ ማለትም 72 ዶላር፣ ለቤተሰቧ በተረፈ ነበር። ይህን ልዩነት ላኪዋም ሆነች ተቀባይ እናቷ ሊቀንሱት አይችሉም። የሁለቱ አገሮች ባንኮችና ሕጎች ሲስማሙ ብቻ ነው የሚቀንሰው።

በወጪው ዓምድ ያለውን ግን በዶላር መቁጠር ያስቸግራል። መምህር ለመሆን ከመጀመሪያ ደረጃ ጀምሮ እስከ ማሠልጠኛ ድረስ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ይህ ወጪ በአብዛኛው የሕዝብ ነው። ከዚህም በላይ የሚሄደው ማንኛውም መምህር አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው የሒሳብ፣ የሳይንስና የቋንቋ መምህር ነው። በትልቅ ከተማ አንድ መምህር ቢሄድ ሌላው ክፍለ ጊዜውን ይሸፍናል። በገጠር ግን የፊዚክስ መምህር ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱ ከሄደ ፊዚክስ አብሮት ሄደ ማለት ነው።

የዚምባብዌ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ያች አገር ከነፃነት በኋላ በትምህርት ሥራዋ በአፍሪካ የተመሰገነች ነበረች። በ2008 የገንዘቧ ዋጋ ፈጽሞ ሲወድቅ የመምህር የወር ደመወዝ ለአውቶቡስ መሳፈሪያ እንኳ የማይበቃ ሆነ። መምህራኑ በብዛት ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሌሎች ጎረቤቶች ሄዱ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም በዚያ ዓመት ሥራቸው ተቋረጠ። የደቡብ አፍሪካ ልጆች ጥሩ የሒሳብ መምህራን አገኙ፤ የዚምባብዌ ልጆች አጡ። እዚህ ላይ መምህሩን «ለምን ሄድክ?» ከማለት በፊት «እንዲኖር የሚያስችለው ደመወዝ ነበረውን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ችግሩ ደግሞ እየሰፋ የሚሄድ ነው። ዩኔስኮ በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ እስከ 2030 ድረስ በመጀመሪያና በሁለተኛ ደረጃ ለዓለም 44 ሚሊዮን ተጨማሪ መምህራን ያስፈልጋሉ። ከእነዚህ ውስጥ 15 ሚሊዮኑ የሚያስፈልጉት ከሰሐራ በታች ላለው የአፍሪካ ክፍል ነው። ሀብታሞቹ አገሮችም መምህር ጎድሎባቸዋል። ሁለት ባዶ ማሰሮ ከአንድ ምንጭ ሲቀዳ ጉልበተኛው ይቀድማል። ሥርዓት የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

መ. መከልከል ይበጃልን?

አንዳንድ ሰው «እንግዲያው መሄድን መከልከል ነው» ይላል። ይህ መፍትሔ በሁለት ምክንያት አይሠራም። በመጀመሪያ፣ በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 13 ማንኛውም ሰው ከየትኛውም አገር፣ ከራሱም አገር ቢሆን፣ የመውጣትና ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው ይናገራል። ሁለተኛ፣ የተከለከለ መንገድ አይዘጋም፤ ይሸሸጋል እንጂ። አገራችን በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ዜጎች ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች እንዳይሄዱ ከልክላ ነበር። ለክልከላው በቂ ምክንያት ነበረው፤ በእኅቶቻችን ላይ የሚደርሰው በደል ሰምተነው የማናውቀው አይደለም። ነገር ግን ክልከላው ጸንቶ በቆየበት ጊዜ ሰው በደላላ፣ በበረሃና በጀልባ መሄዱን አላቆመም። በ2010 ዓ.ም. ክልከላው ተነሣ፤ በምትኩም ጉዞው አገር ከአገር ጋር በሚያደርገው ስምምነት እንዲመራ ሆነ።

እንግዲህ ላኪ አገር መከልከል አይችልም፤ ተቀባይ አገርም ያለ ገደብ ቢቀጥር ጎረቤቱን ያራቁታል፤ መምህሩ ብቻውን ቢደራደር ይታለላል። ሦስቱም ወገኖች በየፊናቸው ደካሞች ናቸው። የቀረው መንገድ መዋዋል ነው።

ሠ. የካሪቢያን ደሴቶች ያስተማሩን

መዋዋል እንዴት እንደሚቻል ያሳዩት ትንንሾቹ የካሪቢያን ደሴቶች ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የመጡ ቀጣሪዎች በጃማይካና በሌሎቹ ደሴቶች እየተዘዋወሩ መምህራንን በብዛት ይመለምሉ ጀመር። ለትልቅ አገር ጥቂት መቶ መምህር ጠብታ ነው፤ ለደሴት ግን ጎርፍ ነው። የደሴቶቹ የትምህርት ሚኒስትሮች ነገሩን ለብቻቸው አልያዙትም። በ2002 በባርባዶስ ከሌሎች የኮመንዌልዝ አገሮች ጋር ተነጋገሩ፤ በ2003 በኤዲንበርግ በተደረገው የትምህርት ሚኒስትሮች ጉባኤም አጀንዳ አደረጉት። በመጨረሻም መስከረም 1 ቀን 2004 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ሮችፎርድ የኮመንዌልዝ የመምህራን ምልመላ ውል ጸደቀ።

የውሉ ዓላማ ሦስት ነገሮችን ማመዛዘን ነው፦ የመምህሩን የመሄድ መብት መጠበቅ፣ የላኪውን አገር የትምህርት ሥርዓት ከመፍረስ ማዳን፣ የድሃ አገሮች ጥቂት የሠለጠነ ኃይል እንዳይመዘበር መከላከል። ከዝርዝሩ ለእኛ የሚጠቅሙትን እንጥቀስ።

አንደኛ፣ መምህራን በትምህርት ዘመን መካከል ተመልምለው ክፍል ጥለው እንዳይሄዱ ቀጣሪው መጠንቀቅ አለበት። (የባልንጀራችንን የጥር ወር የፊዚክስ መምህር እዚህ ላይ ያስታውሷል።)

ሁለተኛ፣ ምልመላው በስውር ሳይሆን በላኪው አገር መንግሥት ዕውቀት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የተቀጠረው መምህር በሙያው እኩያው ከሆነው የተቀባዩ አገር ዜጋ ያነሰ የሥራ ሁኔታ ሊሰጠው አይገባም።

አራተኛ፣ ላኪው አገር በመምህራን ማጣት ሲጎዳ፣ ተቀባዩ በሥልጠናና በሙያ ድጋፍ እንዲያግዘው ሊጠየቅ ይችላል።

ይህ ውል አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ያፈረሰውን አገር የሚከስ ፍርድ ቤት የለም። እንግሊዝም ከ2023 ጀምሮ ከዘጠኝ አገሮችና ግዛቶች የሚመጡ የሒሳብ፣ የሳይንስና የቋንቋ መምህራን የሙያ ፈቃድ በቀላሉ የሚያገኙበትን መንገድ ከፍታለች። ከነዚህም ውስጥ ጃማይካ፣ ጋና፣ ናይጄሪያና ዚምባብዌ ይገኛሉ። ይህ ለመምህሩ ጥሩ በር ነው፤ ለተተወው ክፍል ግን ጥያቄው ባለበት አለ። ሆኖም ውሉ ከንቱ አልሆነም። ከእርሱ በፊት ላኪ አገር «ይህ ነገር ጎዳኝ» ሲል የሚያመለክትበት ጽሑፍ አልነበረውም። ዛሬ አለው።

ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች ውሉ እኛን አይመለከተንም የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ በቀጥታ አይመለከተንም። ነገር ግን ጎረቤታችን ኬንያና እንደ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ያሉት አገሮች አባል ናቸው። ሰው የጎረቤቱን የእርሻ ዘዴ አይቶ ለራሱ ማሳ እንደሚጠቀምበት፣ እኛም ሐሳቡን መውሰድ እንችላለን።

ረ. ውል ሲጎድል ምን ይደርሳል?

ተቃራኒውን ምሳሌ ከፊሊፒንስ እናምጣ። ከ2007 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ወደ 350 የሚጠጉ የፊሊፒንስ መምህራን በአሜሪካ በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት ባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለማስተማር በአንድ አስቀጣሪ በኩል ተመለመሉ። እነዚህ ሰዎች ምስኪኖች ወይም ያልተማሩ አልነበሩም፤ እንደ እኛው በሙያው የሠለጠኑ ነበሩ። አስቀጣሪው መጀመሪያ አነስ ያለ ክፍያ ጠየቃቸው። ያንን ከከፈሉ በኋላ ግን ሌላ፣ ከፊተኛው እጅግ የሚበልጥ ክፍያ መጣ። ብዙዎቹ ተበድረው ከፈሉ። አሜሪካ ከገቡ በኋላም ከደመወዛቸው ላይ ድርሻ እንዲሰጡ ውል እንዲፈርሙ ተደረጉ። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንደሚባለው፣ እግራቸው የረገጠበትን ያወቁት መሐል ከገቡ በኋላ ነው።

መምህራኑ ግን በየቤታቸው አልቅሰው ዝም አላሉም። በአሜሪካ የመምህራን ማኅበር እየተረዱ በአንድነት ክስ መሠረቱ። በ2012 መጨረሻ ጉዳዩን የተመለከቱት ዳኞች 4.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈላቸው ፈረዱ። ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። ያዳናቸው ከአገር ውጭ ያገኙት የሙያ ወንድማማችነት ነው፤ ይህም አንዱ የዓለም አቀፍ ትብብር መልክ ነው። ሁለተኛው ነገር፣ ካሣው የመጣው ከአምስት ዓመት ያህል መከራ በኋላ መሆኑ ነው። ቀድሞ የተጻፈ ውል ግን ከመነሻው ይጠብቃል።

በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ሥምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የመድን ዋስትናን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ደንግጎ ነበር። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏልና፣ ለመሄድ የሚያስብ ሁሉ ከደላላ አፍ ሳይሆን በሥራ ላይ ካለው አዋጅ መጠየቅ አለበት። «ቪዛውን በዚህን ያህል ብር ልግዛልህ» የሚል ሰው ሲመጣ ቢያንስ ለምን ብሎ መጠየቅ የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

ሰ. የማራኬሽ ስምምነትና የጋራ ሥልጠና ሐሳብ

በታኅሣሥ 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በሞሮኮ ማራኬሽ ከተማ ከአደጋ ለተጠበቀ፣ ሥርዓት ላለውና ሕጋዊ ለሆነ ፍልሰት ዓለም አቀፍ ስምምነት ጸደቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላም የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ152 ድምፅ ድጋፍ፣ በ5 ተቃውሞና በ12 ድምፀ ተዓቅቦ አጸናው። የተቃወሙት አሜሪካ፣ ሃንጋሪ፣ ቼክ፣ ፖላንድና እስራኤል ነበሩ። ስምምነቱ 23 ዓላማዎች አሉት። ከነዚህ መካከል ሰው ተገዶ አገሩን እንዳይለቅ የሚገፉትን ምክንያቶች መቀነስ፣ ቅጥር ከማታለል የጸዳ እንዲሆን ማድረግ፣ የገንዘብ መላኪያ ዋጋን ማውረድ ይገኙባቸዋል። ይህም ቢሆን አስገዳጅ ሕግ አይደለም፤ መንግሥታት በፈቃዳቸው የሚመሩበት የጋራ መርሐ ግብር ነው።

ለእኛ በተለይ የሚያሻን 18ኛው ዓላማ ነው። እርሱም በሙያ ሥልጠና ላይ ገንዘብ ማውጣትንና የአንዱን አገር የትምህርት ማስረጃ ሌላው እንዲቀበል ማድረግን ይመለከታል። በዚህ ሥር የተጠቀሰ የሙያ ሽርክና የሚባል ሐሳብ አለ። በቀላሉ ሲገለጽ እንዲህ ነው። መምህር የጎደለው ሀብታም አገር በድሃው አገር ያለን ማሠልጠኛ ገንዘብና መሣሪያ ሰጥቶ ያስፋፋል። በዚያ የሚሠለጥኑት በሁለት መንገድ ይከፈላሉ፤ ከፊሎቹ ለመሄድ፣ ከፊሎቹ ለመቅረት ይዘጋጃሉ። ለምሳሌ ያህል ማሠልጠኛው በፊት 100 ሰው ያስመርቅ ነበር እንበል። በተቀባዩ አገር ወጪ 160 ቢያስመርቅና ከእነርሱ 40 ቢሄዱ፣ ለአገር 120 ይቀራሉ። ሥርዓት በሌለው መንገድ ግን ከ100ው 40 ሲሄዱ የሚቀሩት 60 ብቻ ናቸው። የሄዱት ቁጥር በሁለቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው የማሠልጠኛውን ዋጋ ማን ከፈለ በሚለው ላይ ነው። (እነዚህ ቁጥሮች ሐሳቡን ለማስረዳት የተሰጡ ናቸው።)

በጤና ሙያ ዓለም ከእኛ ቀድሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ስለ ጤና ባለሙያዎች ቅጥር ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል። በ2023 ደግሞ የባለሙያ እጥረት የጠናባቸውን 55 አገሮች ስም ዝርዝር አወጣ፤ ኢትዮጵያም በዝርዝሩ አለች። ትርጉሙም «ከነዚህ አገሮች ባለሙያ እየዞራችሁ አትመልምሉ፤ ይልቁንም እርዷቸው» ማለት ነው። ነርስ በሌለበት መንደር ሕመም እንደሚበረታ ዓለም ገብቶታል። መምህር በሌለበት መንደር የሚሆነው ግን ቶሎ አይታይም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው የሚታየው። ምናልባትም ለመምህራን እንዲህ ያለ ዓለም አቀፍ ደንብ የዘገየው በዚህ ምክንያት ይሆናል።

ሸ. ወደ እኛ የመጡትስ?

ስለሚሄዱት ብቻ ተናግረን ብናበቃ ጥናታችን ጎዶሎ ይሆናል። አገራችን ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ እጅግ ብዙ ስደተኞችን አስጠልላለች። በመካከላቸው መምህራንም አሉ፤ ጠመኔ ይዘው የኖሩ እጆች በመጠለያ ውስጥ ሥራ ፈትተው እንዳይቀመጡ ማድረግ የሁላችንም ጥቅም ነው። የኢጋድ አባል አገሮች በታኅሣሥ 2017 በጅቡቲ ያወጡት መግለጫ ስደተኛ ልጆች በየአገሩ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ እንዲገቡና የስደተኛ መምህራን ሥልጠናና ማስረጃ ዕውቅና እንዲያገኝ ቃል የገባ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ ስደተኛ ልጅ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንደ ዜጋ እንዲታይ ደንግጓል። በጋምቤላም ከደቡብ ሱዳን ስደተኞች መካከል የተመረጡ መምህራን በአገራችን የመምህራን ኮሌጅ ሠልጥነዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በሻንጣቸው የሚይዙት የእኛን ሥልጠና ነው። ሕንዳዊው መምህር ለእኛ ያደረገውን እኛ ለጎረቤታችን እያደረግን ነው ማለት ነው።

ቀ. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የደረስንበት መደምደሚያ በአጭሩ የሚከተለው ነው።

የሚሄደውን መምህር ከሃዲ ማለት ስሕተት ነው፤ የሚቀረውንም ሰነፍ ማለት ስሕተት ነው። ሆኖም መሄድ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በኋላ የሚቀር ክፍል አለና። ስለዚህ የሚሄድ መምህር ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ያድርግ። የትምህርት ዘመኑን ሳይጨርስ አይሂድ። ውሉን ሳያነብና ሕጋዊነቱን ሳያረጋግጥ አይፈርም። ትምህርቱን፣ ማስታወሻውንና የክፍሉን መዝገብ ለሚተካው ሰው አስረክቦ ይሂድ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ኅሊና ብቻ ነው የሚጠይቀው።

መንግሥታት ደግሞ በጉልበት ሠራተኛና በቤት ሠራተኛ ላይ ብቻ ሳይሆን በሠለጠነ ባለሙያም ላይ ሲዋዋሉ፣ «የማሠልጠኛውን ወጪ ማን ይጋራል?» የሚለውን ጥያቄ በውሉ ውስጥ ይጻፉት። ከሁሉ በላይ ግን መምህር ለመቅረት የሚያስችለው ኑሮ ይኑረው። ቤት፣ ደመወዝና ክብር ያለው መምህር ሲሄድ በምርጫው ነው፤ እነዚህ የሌሉት ግን ተገፍቶ ነው የሚሄደው።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ረቂቁን ለዚያ ሒሳብ ለሚያጠናው ባልንጀራችን አስነበብነው። አንብቦ ሲጨርስ ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው ብሄድም በሐምሌ ነዋ የምሄደው» አለ። ሁላችንም ሳቅን። የፊዚክስ መምህሩ በጥር የሄደበት ልጅ ግን አልሳቀም፤ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በትውልድ ቀበሌያችሁ ባለው ትምህርት ቤት መምህር ሲለቅ ማን ይተካዋል? ስንት ጊዜስ ይወስዳል?

2. በወር 200 ዶላር የሚልክ ሰው የመላኪያ ዋጋው ከ6 ወደ 3 በመቶ ቢወርድ በአምስት ዓመት ስንት ያተርፋል? ሠርታችሁ አሳዩ።

3. ኢትዮጵያ ከሌላ አገር ጋር ስለ መምህራን ብትዋዋል በውሉ ውስጥ እንዲገቡ የምትፈልጓቸውን ሦስት አንቀጾች ጻፉ። መልሳችሁን ለክበቡ ጸሐፊ ስጡ፤ የተሻሉትን በሚቀጥለው እትም እናወጣቸዋለን።